የመስማት ምርመራና የውጤቱ ወረቀት



በአቃቂ ቃሊቲ ቤት ለቤት ስንዘዋወር ደጋግመን የምናየው ነገር አለ። ከሆስፒታል የመጣ የመስማት ምርመራ ወረቀት ተጣጥፎ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ባለቤቱን ምን እንደተባለ ስንጠይቀው «ጆሮህ ደክሟል አሉኝ» ከማለት አያልፍም። ወረቀቱ ግን ከዚህ የበለጠ ይናገራል። የደከመው የትኛው ጆሮ እንደሆነ፣ የትኛው ዓይነት ድምፅ እንደጠፋ፣ ችግሩ በሕክምና የሚመለስ ይሁን የማይመለስ ይጠቁማል። ስለዚህ ምርመራው እንዴት እንደሚደረግና ወረቀቱ እንዴት እንደሚነበብ ለምእመናንና በየፕሮጀክቱ ለሚያገለግሉ ሠራተኞች ልናስረዳ እንወዳለን።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው

አቃቂ በፋብሪካ ያደገ አካባቢ ነው። ሽመናው፣ የብረታ ብረት ሥራው፣ ጋራዡና ወፍጮ ቤቱ ለብዙ ቤተሰብ የእንጀራ ምንጭ ሆኗል። ይህ ሁሉ ሥራ ጩኸት አለው። የድምፅ ጉልበት የሚለካው በዴሲቤል ሲሆን ተራ ንግግር 60 ዴሲቤል ያህል ነው። የሽመና ማሽኖች በተደረደሩበት አዳራሽ ግን ጩኸቱ ብዙ ጊዜ ከ90 ያልፋል። በብዙ አገር የሙያ ጤና ባለሙያዎች የሚመክሩት ልክ በቀን ለ8 ሰዓት ከ85 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ነው። ከዚያ በላይ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጆሮ ሳይጎዳ የሚቆይበት ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በ88 ዴሲቤል 4 ሰዓት፣ በ91 ዴሲቤል 2 ሰዓት፣ በ100 ዴሲቤል 15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል።

ነገሩ ከታወቀ ቆይቷል። በ1886 እ.ኤ.አ. ቶማስ ባር የተባለ የግላስጎው ሐኪም የእንፋሎት ጋን በመዶሻ እየቀጠቀጡ የሚሠሩ 100 ሰዎችን መርምሮ ጤናማ መስማት ያለው አንድ ሰው እንኳ አላገኘም።

የጩኸት ጉዳት አያምም፣ አይደማም። የሚጀምረውም ከቀጫጭን ድምፆች ነው። ወፍራሞቹ ድምፆች እስካሉ ድረስ ሰውየው ሲጠሩት ይሰማል፤ ስለዚህ ጤነኛ ነኝ ይላል። ነገር ግን እንደ «ሰ» እና «ፈ» ያሉት ፊደላት የሚለዩት በቀጭኑ ድምፅ ስለሆነ «ሠራ» ሲሉት «ፈራ»፣ «ሳቀ» ሲሉት «ፋቀ» ይመስለዋል። «ድምፃችሁ ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን አይለይልኝም» የሚል ሰው ሲያጋጥመን ይህንን እናስብ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚባለው ስለ ሐሜት ቢሆንም ለዚህም ይሆናል። ጉድለቱን አስቀድመው የሚያውቁት የቤት ሰዎች ናቸው።

ማን ይመርመር?

ሬዲዮና ቴሌቪዥን ከሌላው ሰው ይልቅ ከፍ አድርጎ የሚከፍት፣ ሰው በተሰበሰበበት ንግግር የሚያመልጠው፣ ጆሮው ውስጥ የሚጮኽበት፣ ከሥራ ሲወጣ ጆሮው የሚደፈንበት ሰው ይመርመር። በጩኸት ውስጥ የሚሠራ ሁሉ ደግሞ ምንም ባይሰማው እንኳ በየዓመቱ ቢታይ መልካም ነው።

ልጆችን በተለይ እናስተውል። ሲጠሩት የማይመልስ፣ በእድሜው መናገር ያልጀመረ፣ በክፍል ውስጥ የአስተማሪውን አፍ ትኩር ብሎ የሚያይ ልጅ «እልከኛ ነው» ወይም «ሰነፍ ነው» እየተባለ ይገረፋል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የጠባይ ሳይሆን የጆሮ ነው። ማጅራት ገትር፣ ኩፍኝ ወይም ጆሮ ደግፍ የታመመ፣ ጆሮው መግል የሚፈስ፣ እንደ ጄንታማይሲን፣ ስትሬፕቶማይሲን ወይም አሚካሲን ያለ መርፌ የተወጋ ልጅም መታየት አለበት። እነዚህ መድኃኒቶች ሕይወት ያድናሉ፤ ጆሮን የሚጎዱበት ጊዜ ስላለ ለሐኪሙ መንገር እንጂ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው የመስማት ሪፖርት በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ጉድለት ወደ 60 በመቶ የሚጠጋው ሊከላከሉት በሚቻል ምክንያት የሚመጣ ነው ብሏል።

ወዴት ይኬዳል?

መጀመሪያ የሚኬደው በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል፣ ወይም የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ክፍል ወዳላቸው እንደ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ ወዳሉ ሆስፒታሎች ሪፈር ይጻፋል። የጤና መድን ያላቸው ወገኖች ሪፈሩን ሳይዙ እንዳይሄዱ እናሳስባለን። የፕሮጀክት ሠራተኞችም በሽተኛውን ከመላካቸው በፊት የመስማት መለኪያው መሣሪያ እየሠራ መሆኑንና ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ቢጠይቁ ድካምና የትራንስፖርት ወጪ ይቀንሳል።

የፋብሪካ ሠራተኞች አንድ ተጨማሪ ነገር ይወቁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብና በአደገኛ ሥራ ላይ ያሉ ሠራተኞች እንደ አስፈላጊነቱ በአሠሪው ወጪ የጤና ምርመራ እንዲያገኙ ያዛል። መጠየቅ መብት ነው።

ምርመራው እንዴት ይደረጋል?

ምርመራው አያምም። ከቀጠሮው በፊት ከ14 ሰዓት ላላነሰ ጊዜ ከጩኸት መራቅ ያስፈልጋል። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ በቀጥታ የሚመረመር ሰው ጆሮው ለጊዜው ስለሚደክም ውጤቱ ከእውነተኛው የባሰ ሆኖ ይታያል።

ባለሙያው በመጀመሪያ በመብራት ጆሮውን ያያል። ኩክ ከደፈነው ያስወጣል። ታምቡሩ የተቀደደ ወይም መግል ያለበት መሆኑንም ይመለከታል። ከዚያ ተመርማሪው ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ይቀመጥና ማዳመጫ ይደረግለታል። በአንድ ጆሮ በኩል አንድ ድምፅ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ይላካል። ድምፁን በሰማ ቁጥር፣ በጣም ስስ ቢሆንም እንኳ፣ ቁልፍ ይጫናል ወይም እጁን ያነሣል። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። አንዳንዱ ድምፁ ጎልቶ እስኪሰማው ይጠብቃል፤ ሌላው ሳይሰማ በግምት ይጫናል። ሁለቱም ውጤቱን ያበላሻሉ።

በመቀጠል ከጆሮ ኋላ ባለው አጥንት ላይ ትንሽ የሚንቀጠቀጥ መሣሪያ ይቀመጣል። ድምፁ በጆሮ ቀዳዳና በታምቡር በኩል ሳያልፍ በአጥንቱ አድርጎ በቀጥታ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ይደርሳል። የዚህን ጥቅም ወደ ታች እናየዋለን።

ትንንሽ ልጆች ድምፅ በሰሙ ቁጥር መጫወቻ ወደ ሣጥን እንዲጥሉ እየተደረገ ይመረመራሉ። መናገር ያልጀመሩ ሕፃናትን ደግሞ ተኝተው ሳሉ የሚመረምር መሣሪያ አለ። ስለዚህ «ገና ሕፃን ስለሆነ አይመረመርም» ማለት ትክክል አይደለም።

ወረቀቱ እንዴት ይነበባል?

ወረቀቱ ኦዲዮግራም ይባላል፤ በመስመሮች የተከፋፈለ ሥዕል ነው። ከግራ ወደ ቀኝ የተጻፉት ቁጥሮች፣ ብዙ ጊዜ ከ250 እስከ 8000 ሄርዝ፣ የድምፁን ውፍረትና ቅጥነት ያሳያሉ። በግራ በኩል እንደ ከበሮ ያለው ወፍራም ድምፅ፣ በቀኝ በኩል እንደ ወፍ ጩኸት ያለው ቀጭን ድምፅ ይገኛል። ከላይ ወደ ታች የተጻፉት ደግሞ ዴሲቤል ናቸው። ምልክቱ ወደ ታች በወረደ መጠን ሰውየው ለመስማት የበለጠ ኃይለኛ ድምፅ ያስፈልገዋል ማለት ነው። ቀይ ክብ የቀኝ ጆሮ፣ ሰማያዊ የኤክስ ምልክት የግራ ጆሮ ነው።

ዴሲቤሉ መቶኛ እንዳልሆነ አጥብቀን እናሳስባለን። 40 ዴሲቤል ማለት 40 በመቶ መስማት ጠፍቷል ማለት አይደለም። ሰውየው መስማት የሚጀምረው ከ40 ዴሲቤል ነው ማለት ነው። በዓለም ጤና ድርጅት አከፋፈል ከ20 በታች ጤናማ፣ ከ20 እስከ 35 ቀላል፣ ከ35 እስከ 50 መካከለኛ፣ ከ50 እስከ 65 ከመካከለኛ የባሰ፣ ከ65 እስከ 80 ከባድ ጉድለት ነው፤ ከዚያ በላይ እጅግ ከባድ ይባላል። አንዳንድ ባለሙያዎች እስከ 25 ድረስ ጤናማ የሚለውን የቀድሞውን አከፋፈል ይጠቀማሉ።

ይህ ደረጃ የሚወጣው በ500፣ በ1000፣ በ2000 እና በ4000 ሄርዝ የተገኙት ቁጥሮች ተደምረው ለአራት ሲካፈሉ ነው። ሦስት ምሳሌ እንውሰድ።

አንደኛ፣ የሽመና ሠራተኛ። ውጤቱ 10፣ 10፣ 10 እና 45 ነው እንበል። አማካዩ 19 ያህል ስለሚሆን «ጤናማ» ተብሎ ይጻፋል። ሥዕሉ ላይ ግን 4000 ሄርዝ ዘንድ መስመሩ ወደ ጉድጓድ ይወርዳል። ይህ ጉድጓድ የጩኸት ጉዳት የተለመደ ምልክት ነው። አንድ ቃል ይዞ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ይህን ሳያውቅ ወደዚያው ማሽን ይመለሳል። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ለማዳን ግን ገና ጊዜ አለ። ስለዚህ አማካዩን ብቻ ሳይሆን ሥዕሉን እንይ።

ሁለተኛ፣ ጆሮዋ መግል የሚፈስ ልጅ። በማዳመጫው የተለካው 45 ሲሆን በአጥንት የተለካው 10 ነው። በአጥንት በኩል ደኅና ከሰማች ውስጠኛው ጆሮዋ ጤናማ ነው፤ ድምፁ መንገድ ላይ ተዘግቷል ማለት ነው። ኩክ፣ መግል ወይም የተቀደደ ታምቡር እንዲህ ያደርጋል። ይህ ዓይነቱ ጉድለት ብዙ ጊዜ በመድኃኒት ወይም በቀዶ ሕክምና ይታከማል።

ሦስተኛ፣ ሽማግሌ አባት። በማዳመጫውም በአጥንቱም 60 ነው። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ጉዳቱ ከውስጠኛው ጆሮ ወይም ከነርቩ ነው። የጆሮ ጠብታ አይመልሰውም፤ የሚረዳቸው የመስሚያ መሣሪያ ነው። መሣሪያው ድምፅ ያጎላል እንጂ ጆሮን አዲስ አያደርግም። ለመልመድ ሳምንታት ይፈጃል፣ ባትሪም ይፈልጋል። ዕርዳታ የሚሰጡ ወገኖች መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን ባትሪውንም ያስቡ።

እንግዲህ ከባለሙያው ሳንለይ ሦስት ነገር እንጠይቅ። የተጎዳው የቱ ጆሮ ነው? ችግሩ የመንገዱ ነው ወይስ የውስጠኛው ጆሮ? ተመልሼ መቼ ልመርመር? ወረቀቱን ወይም ግልባጩን ተቀብለን እናስቀምጥ። መጥፎ ለውጥ መኖሩ የሚታወቀው የዘንድሮው ከአምናው ጋር ሲተያይ ነው።

የማይዘገይበት ጊዜ

መስማት በድንገት፣ በአንድ ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ከጠፋ፣ ጆሮ ከሚፈስ ሰው ጆሮ ኋላ እብጠት ከወጣ ወይም ትኩሳትና ብርቱ ራስ ምታት ከተከተለ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል እንሂድ። ድንገተኛው ጉድለት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲታከም የመመለስ ተስፋው የተሻለ ነው። የሞቀ ዘይት፣ የጤና አዳም ጭማቂ ወይም ነጭ ጋዝ ጆሮ ውስጥ አናፍስስ፤ በክብሪት እንጨትም አንጎርጉር። በተቀደደ ታምቡር የገባ ነገር ወደ ውስጥ ያልፋል።

ምእመናን ምን እናድርግ?

ከራሳችን ቤት እንጀምር። በብዙ የጸሎት ቤቶቻችን የድምፅ ማጉያው ኃይል የፋብሪካን ጩኸት ይወዳደራል። ከማጉያው ሥር የሚቀመጡት ደግሞ ብዙ ጊዜ ልጆች ናቸው። 100 ዴሲቤል 15 ደቂቃ ብቻ እንደሚፈቅድ አይተናል፤ የዝማሬው ጊዜ ከዚያ ይረዝማል። ድምፁን እንቀንስ፣ ማጉያውን ከልጆች ራስ በላይ እንስቀል፣ ልጆቹን ከፊቱ እናንሣ።

መስማት ለደከማቸው አባቶችና እናቶች የፊት ወንበር እንስጥ። ፊታችን በብርሃን እየታየ፣ ሳንጮኽ፣ ረጋ ብለን እንናገር። መጮኽ ቃሉን ያዛባል እንጂ አያጠራውም። በማሽን አጠገብ የሚሠሩ ወንድሞችና እኅቶች የጆሮ መከላከያውን «ያፍነኛል» ብለው እንዳያወልቁ እንምከራቸው።

መስማት ለማይችል ልጅ ወላጆችም አንድ ቃል አለን። ይህ እርግማን አይደለም፤ የወላጅ ኃጢአት ቅጣትም አይደለም። ስለ ልጁ መጸለይና ልጁን ማስመርመር አይጣሉም። በመሣሪያ የማይረዳ ልጅ የምልክት ቋንቋ ሳይዘገይ መማር አለበት። ቋንቋ የሚያዘው በሕፃንነት ነውና። በአዲስ አበባ የአልፋና የመካኒሳ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤቶች፣ በሆሳዕና ደግሞ በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የተቋቋመው ትምህርት ቤት ለብዙ ልጆች መንገድ ከፍተዋል። ወላጆችና የሰንበት ትምህርት አስተማሪዎችም ቋንቋውን ከልጁ ጋር ይማሩ። ቤተሰቡ ካልተማረ ልጁ ቋንቋ ቢኖረውም በገዛ ቤቱ የሚያነጋግረው ሰው አያገኝም።

በየቤታችን ሣጥን ውስጥ የተጣጠፈ ወረቀት ካለ በዚህ ሳምንት አውጥተን እንየው፤ ካልገባንም ወደ ጤና ጣቢያው ይዘነው እንሂድ። ፈጽሞ ያልተመረመረ የቤት ሰው ካለ ቀጠሮ እንያዝለት፤ አብረነውም እንሂድ። ያልሰማውን እኛ እንሰማለታለን።