በእንግሊዝ አገር የትናንሽ መጠጥ ቤቶች ሙዚቃና የፈቃዱ ሕግ

በእንግሊዝ አገር መጠጥ ቤት ማለት መጠጥ የሚሸጥበት ስፍራ ብቻ አይደለም። የሰፈሩ ሰው ማምሻውን ተሰብስቦ የሚጨዋወትበት፥ ወጣቱም ሙዚቀኛ ጊታሩን ይዞ በሰው ፊት መቆምን የሚለማመድበት ቤት ነው። ስለዚህ በዚያ ቤት ማን፥ እስከ ስንት ሰዓት፥ በምን ያህል ድምፅ ይጫወት የሚለው ጥያቄ ቀላል መስሎ ቢታይም ሕግ አውጪዎቹን ለብዙ ዘመን አከራክሯል።

በ1964 የወጣው የመጠጥ ፈቃድ ሕግ (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የመጠጥ ፈቃድ ያለው ቤት ከሁለት የማይበልጡ ተጫዋቾችን ያለ ሌላ ፈቃድ እንዲያጫውት ይፈቅድ ነበር። ሦስተኛ ሰው ከተጨመረ ግን ባለቤቱ ከማዘጋጃ ቤት የሕዝብ መዝናኛ ፈቃድ ማውጣት ነበረበት። ይህ ደንብ በእውነቱ አስቂኝ ነበር፤ ሁለት ሰዎች በድምፅ ማጉያ ሰፈሩን ሲያናውጡ ዝም የሚል ሕግ፥ ሦስት ሰዎች በለሰለሰ ድምፅ ቢያዜሙ ባለቤቱን ጥፋተኛ ያደርገዋልና።

በ2003 ወጥቶ በ2005 በሥራ ላይ የዋለው የእንግሊዝና የዌልስ ሕግ የተበታተኑትን ፈቃዶች በአንድ ወረቀት አጠቃለላቸው። አሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን የሁለቱን ሰዎች ደንብ ስለ ሻረው፥ አንድ ሰው እንኳ ብቻውን ቢዘፍን በቤቱ ፈቃድ ላይ ሙዚቃ ተለይቶ መጻፍ ግድ ሆነ። ያለ ፈቃድ ያጫወተ ሰው እስከ 20,000 ፓውንድ መቀጮ፥ ወይም እስከ 6 ወር እሥራት፥ ወይም ሁለቱም ሊፈረድበት ይችል ነበር። የእግር ኳስ ግጥሚያ በትልቅ ቴሌቪዥን ለማሳየት ግን ይህ ፈቃድ አይጠየቅም ነበር። ሙዚቀኞቹን ከሁሉ ይልቅ ያስቆጣቸው ይኸው ነው። ትርፉ ጥቂት የሆነ ባለቤት ከማመልከቻና ከጥብቅ ግዴታዎች ጋራ ከመታገል ይልቅ ሙዚቃውን መተው ቢመርጥ አያስደንቅም።

በመጨረሻ ሎርድ ክሌመንት ጆንስ ያቀረቡት ሕግ በ2012 ጸድቆ ከኦክቶበር 1 ቀን ጀምሮ ሠራ። በዚህ ሕግ መሠረት የመጠጥ ፈቃድ ያለው ቤት በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት፥ ከ200 በማይበልጥ አድማጭ ፊት፥ በማጉያ ጭምር ያለ ልዩ ፈቃድ ሊያጫውት ይችላል። በ2015 ቁጥሩ ወደ 500 ከፍ ብሏል። ማጉያ የሌለው ሙዚቃ ደግሞ በእነዚሁ ሰዓቶች የአድማጭ ቁጥር አይወሰንበትም። እንግዲህ በለንደን የሚኖር ወገናችን በምግብ ቤቱ አዝማሪ ቢጋብዝ፥ መሰንቆው በማጉያ እስካልታገዘ ድረስ ለዚያ ሙዚቃ የመዝናኛ ፈቃድ አያስፈልገውም። ለደራሲዎችና ለዘፋኞች መብት የሚከፈለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ጎረቤትም አልተረሳም። ጩኸቱ ከበዛ ማዘጋጃ ቤቱ የቤቱን ፈቃድ እንደ ገና መርምሮ ግዴታዎችን ሊመልስበት፥ በ1990ውም ሕግ ሁከቱን ሊያስቆም ይችላል። ችግሩ ጎረቤቱ ከሙዚቃው በኋላ የመጣ ሲሆን ነው። በ2018 የወጣው የእንግሊዝ የግንባታ መመሪያ፥ በነባር የሙዚቃ ቤት አጠገብ መኖሪያ የሚሠራ ሰው የድምፅ መከላከያውን ራሱ እንዲያዘጋጅ ይላል። ሆኖም መመሪያው የሚመለከተው የግንባታ ፈቃድን ነው፤ አዲሱ ነዋሪ ከገባ በኋላ እንቅልፍ ቢያጣ ለማዘጋጃ ቤቱ አቤት ከማለት የሚያግደው ነገር የለም።