ሽማግሌ ብቻ የቀረበት ደን

በደቡብ ጎንደር አብዛኛው አገር ታርሷል። በእርሻው መካከል ጠቁሮ የሚታይ ደን ካለ፣ ብዙ ጊዜ እዚያ ቤተ ክርስቲያን አለ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ደን በአካባቢው ከ1 ሺህ በላይ ነው።

እስቲ ወደ ውስጥ እንግባ። ጥዱ ትልቅ ነው፤ ወይራውም የአያት የቅድመ አያት ነው። ደኑ ስለሚከበር እንደ ልብ አይቆረጥም። አሁን ደግሞ መሬት መሬቱን እንይ። ከጉልበት በታች ያለ ችግኝ የታለ? በብዙ ቦታ ጥቂት ነው፤ አንዳንድ ቦታ ጭራሹን የለም። ልጅ የሌለበት መንደርም እኮ ሽማግሌዎቹ እስካሉ ድረስ መንደር ይመስላል።

ዘርስ አልጠፋም። የወይራን ፍሬ ወፎች እየበሉ ዘሩን ይበትኑታል። ነገር ግን የብዙ ደን ዛፎች ዘር እንደ አረም ዘር በአፈር ውስጥ ለዓመታት አይቆይም። ወይ ይበቅላል፣ ወይ ይበሰብሳል። ስለዚህ የደኑ ጎተራ በትልልቆቹ ሥር የቆመው ችግኝ ነው። አንድ ሽማግሌ ዛፍ ሲወድቅ ብርሃን ይገባል፤ ተራውን ሲጠብቅ የኖረውም ያኔ ሽቅብ ይመዘዛል። የሚጠብቅ ከሌለ ግን ቦታው ባዶ ይቀራል።

ታዲያ ችግኙን ማን ጨረሰው? ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የተባሉ የደን ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን አጥንተዋል። ጥናቱ በ2001 ዓ.ም. ታትሟል። በደኑ ውስጥ ከፊሉን መሬት አጠሩ፤ ከፊሉን ክፍት ተዉት። በሁለቱም የጥድ፣ የወይራና የጥቁር እንጨት ዘር ዘሩ፤ ችግኝም ተከሉ። የታጠረው በለጠ። ወደ ክፍቱ ከብት ይገባ ነበር።

ከብት ቅጠል መብላቱ ብቻ አይደለም ጉዳቱ። ይረግጣል። የተረገጠ መሬት ይደድራል፤ ውኃ አያሰርግም፣ ሥርም አይገባበትም። እርግጥ አጥር በጋን አያስቀርም። ከአጥር ውስጥም ቢሆን ድርቁ ብዙ ችግኝ ይገድላል።

ከጥናቱ ወዲህ በአንዳንድ አጥቢያ ካህናቱና ገበሬው በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ክበዋል። ድንጋዩን ያመጡት ከማሳቸው ለቅመው ነው። ለማሳውም በጀ፤ ማረሻ የሚሰብር ድንጋይ ተነሣለት።

«በጠራራው ፀሐይ ከብቴን የት ላሳርፍ?» የሚል ገበሬ ግን ተሳስቷል አይባልም። ሣር አጭዶ ከካቡ ውጭ ማብላት ድካም አለው። ይህን ሸክም አንድ ቤት ብቻውን አይችለውም፤ አጥቢያው ተሰብስቦ የሚመክርበት ነገር ነው።

በአጠገባችሁ ደን ካለ በመስከረም ግቡ። በአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ያለውን ችግኝ ቁጠሩና በደብተራችሁ ጻፉ። በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይመጣ፣ እዚያው ተመልሳችሁ እንደገና ቁጠሩ።