ስለ ጥሪኝና ስለ ዝባድ

ጥሪኝ ቀን በቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቶ የሚውል፥ ሌሊት ብቻውን የሚዞር አውሬ ነው። ፍሬም፥ አይጥም፥ ነፍሳትም ይበላል። በጅራቱ ሥር ካለው ከረጢት ዝባድ የሚባል ቅባት ይወጣል። ይህም ለጥሪኝ እንደ ደብዳቤ ነው፤ በሚሄድበት መንገድ በዛፍ ግንድና በድንጋይ ላይ ይቀባዋል፥ ከኋላ የሚመጣውም ጥሪኝ አሽትቶ ማን እንዳለፈ ያውቃል። ሰው ግን ለሽቶ ፈለገው፤ መዓዛ ቶሎ በንኖ እንዳይጠፋ ያደርጋልና።

ከሆሳዕና ወደ ምዕራብ ጊቤን የተሻገረ ሰው ወደ ጅማና ወደ ሊሙ አገር ይደርሳል። በዚያ የዝባድ ንግድ የቆየ ነው፤ በ19ኛው መቶ ዓመት በሊሙ እናርያ፥ በሳቃ ገበያ፥ ከዝሆን ጥርስና ከቡና ጋራ ይሸጥ ነበር። ኋላም በከብት ቀንድ እየታሸገ ለፈረንሳይ አገር ሽቶ ቀማሚዎች ይላክ ጀመር።

አያያዙ እንዲህ ነው። ወንዱ ጥሪኝ ከጫካ በወጥመድ ተይዞ ይመጣና ዞሮ ለመቆም እንኳ በማይችልበት፥ ከእንጨት በተሠራ ጠባብ ቤት ይዘጋበታል። ያውም እሳት በሚነድበት፥ ጢስ በሞላበት ጎጆ ውስጥ ነው፤ ሙቀት ዝባዱን ያበዛዋል ይላሉና። በየ10 ቀኑ ገደማ ጅራቱና የኋላ እግሮቹ ተይዘው ከረጢቱ ይጨመቃል፥ ቅባቱም በማንኪያ ይፋቃል። ሴቲቱ ስለማትያዝ በዚያ ቤት ግልገል አይወለድም፤ አንዱ ሲሞት ሌላው ከጫካ ይታደናል።

ባለቤቱን ጨካኝ ነው ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፥ ትክክል ግን አይደለም። ሥጋና ወተት፥ ገንፎም ያቀርብለታል። «አልገደልሁት፥ አላስራብሁት፤ ታዲያ ምን በደልሁት?» ሊል ይችላል። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ ሊዞር የተፈጠረ እንስሳ ከጠገበ በኋላም መንገዱን ይፈልጋል። በሬ ብዙ ትውልድ ከሰው ጋራ ኖሮ ለምዷል፤ ጥሪኝ ግን ትናንት ከጫካ የመጣ ነው። በጃፓን አገር በታይጂ እየተያዙ በገንዳ ውስጥ ትርኢት እንዲያሳዩ ስለሚሸጡት፥ ዶልፊን ስለሚባሉት የባሕር እንስሳት የሚነሣውም ክርክር ይኸው ነው፤ ዓሣው ይቀርብላቸዋል፥ ባሕሩ ግን የለም።

ከባለቤቱ ይልቅ የሚጠየቅ አለ፤ ይኸውም ሽቶውን የሚቀባው ሰው ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1926 ዓ.ም. ሩዚችካ የተባለ ሊቅ ለዝባድ መዓዛውን የሚሰጠው ነገር ከምን እንደ ተሠራ መርምሮ አገኘ፤ ዛሬ ያለ ጥሪኝ በሰው እጅ ይሠራል። ሻኔል የሚባለው የፈረንሳይ ሽቶ ቤትም በ1998 የጥሪኙን ትቶ ወደ ሠራሽው ዞረ። እንግዲህ ለገዢው ዝባድ ቅንጦት ነው፥ ለሊሙው ገበሬ ግን የግብርና የጨው መግዣ ነው። ከገበሬው የሚጠበቀው ቢያንስ ቤቱን ማስፋት ነው። ከዚህም የሚሻል አለ፤ ጥሪኝ ራሱ በግንድ ላይ የተወውን ዝባድ ጠርጎ መሰብሰብ ይቻላል። መጠኑ ያንሳል፥ ድካሙም ይበዛል፤ ጥሪኙ ግን ያን ጊዜ በሌሊት መንገዱ ላይ ነው።