ከብርጭቆው በስተጀርባ ያለው የመንፈስ ጭንቀት

በሶማሌላንድ ርእሰ ከተማ በሐርጌሳ «31 ሜይ» እየተባለ በቀን የሚጠራ ሰፈር አለ። እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 1988 የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ወደ ከተማዋ የገቡበት ዕለት ነው። ከዚያ በኋላ በተከታታይ በወረደው የአውሮፕላንና የመድፍ ድብደባ አብዛኛው የከተማዋ ቤት ፈረሰ። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብም ድንበር ተሻግሮ ወደ አገራችን ተሰደደ። በጅጅጋ አካባቢ የነበረው የሐርተሼክ መጠለያ እ.ኤ.አ. በ2004 እስከተዘጋ ድረስ የእነዚህ ስደተኞች ማረፊያ ነበር።

ስለ ወጣቶችና ስለ መጠጥ ለመጻፍ ተነሥተን ከሐርጌሳ መጀመራችን ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያች ከተማ የአልኮል መጠጥ በሃይማኖትም በሕግም የተከለከለ ነው። እንግዲህ ጠርሙሱ ከተወገደ ወጣቱ ከሱስ ይድናል ብለን የምናስብ ከሆነ፣ ሐርጌሳ ሐሳባችንን እንድንመረምር ታስገድደናለች። የመጠጡ በር በተዘጋበት ቦታ ጫት ገብቷልና። ቅጠሉ በጠወለገ ቁጥር ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ስለሚቀንስ፣ ከአወዳይ ገበያ የሚነሡት መኪኖች በጅጅጋና በቶጎ ውጫሌ በኩል በከፍተኛ ፍጥነት ይገሰግሳሉ።

እ.ኤ.አ. በ2002 በጀርመን የኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሐርጌሳ ቤት ለቤት ጥናት አካሂደው ስለ 4,854 ሰዎች መረጃ ሰብስበው ነበር። ከወንዶቹ መካከል 31.3 በመቶው ከጥያቄው በፊት በነበረው ሳምንት ጫት ቅመዋል። ከሁሉም አብልጠው የሚቅሙት የቀድሞ ተዋጊዎች ሆነው ተገኝተዋል። በልጅነት የተጀመረና ከመጠን ያለፈ መቃም ከከባድ የአእምሮ ሕመም ጋር ተያይዞ ታይቷል። ጥናቱ ያተኮረው ሰውን ከእውነታ በሚያርቀው ሕመም ላይ እንጂ በመንፈስ ጭንቀት ላይ አልነበረም። ሆኖም ጦርነት ያለፈበት ሕዝብ ቁስሉን በምን እንደሚያስታግሥ በግልጽ ያሳየናል።

ወደ አገራችን እንመለስ። በቡታጅራ ከ10 ሺህ በሚበልጡ፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው ጥናት፣ 3.7 በመቶ ያህሉ ችግር ወደሚያስከትል አጠጣጥ መግባታቸውን አመልክቷል። ከዚህ አጠጣጥ ጋር ተያይዘው ከተገኙት ነገሮች አንዱ የአእምሮ ጭንቀት ነው። ይህ ማለት የተጨነቀ ሁሉ ይጠጣል፣ ወይም የሚጠጣ ሁሉ የተጨነቀ ነው ማለት አይደለም። ሁለቱ ግን ብዙ ጊዜ ተጎዳኝተው የሚሄዱ መሆናቸውን ያስገነዝባል።

ለመሆኑ የሚገናኙት እንዴት ነው? ዛሬ ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት የመንፈስ ጭንቀት ያደረበት ወጣት፣ አንድ ጠርሙስ ቢራ ወይም አንድ መለኪያ አረቄ ለአንድ ሁለት ሰዓት ቀለል እንዲለው ያደርገዋል። እፎይታው ግን የብድር ገንዘብ ነው። አልኮል እንቅልፍን ያውካል፤ በማግሥቱም ሐዘኑ ከትናንቱ ብሶ ይመለሳል። ወጣቱ ያንን ለማባረር እንደገና ይጠጣል። እንዲህ እያለ ሐዘኑ መጠጡን፣ መጠጡም ሐዘኑን እየወለደ ይቀጥላል።

በከተሞቻችን «ጨብሲ» የሚባለው ልማድ ደግሞ ሁለቱን ሱሶች አንድ ላይ ያጣምራል። በምርቃና እንቅልፍ ያጣው ወጣት ምርቃናውን ለመስበር ወደ መጠጥ ቤት ይገባል። ጫቱ ሲለቀው የሚከተለው ድብርትና የመጠጡ ድካም በአንድ ሰውነት ላይ ይደራረባሉ። በዚህ ላይ ማመዛዘንንና ራስን መግዛትን የሚመራው የአንጎል ክፍል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ዕድሜ ድረስ በማደግ ላይ መሆኑ ሲታሰብ፣ ጉዳቱ ከአዋቂው ይልቅ በልጁ ላይ የሚከብድበት ምክንያት ይገባናል።

አገራችን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክላለች። ሕጉ ተገቢ ነው፤ ሊከበርም ይገባል። ነገር ግን ሐርጌሳ እንዳስተማረችን ክልከላ ብቻውን ሐዘንን አያድንም። ልጁ ከብርጭቆው ሲለይ ከሐዘኑ ጋር ብቻውን የሚቀር ከሆነ ሌላ መሸሸጊያ መፈለጉ አይቀርም።

ስለዚህ ወላጅ፣ መምህርና አለቃ ምልክቶቹን ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል። በወጣቶች ዘንድ የመንፈስ ጭንቀት ሁልጊዜ በለቅሶ አይገለጥም፤ ብዙ ጊዜ በቁጣና በንጭንጭ ይታያል። ይወደው የነበረውን ኳስ ወይም ትምህርት መተው፣ ከጓደኞች መራቅ፣ የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መለወጥ፣ «እኔ ለምንም አልጠቅምም» ማለት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆዩ ጉዳዩ ስንፍና ወይም ጥጋብ ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም። ስለ መሞት የሚናገር ልጅ ደግሞ ያለ አንዳች መዘግየት ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት፤ እስከዚያም ለብቻው አይተው።

ለወራት ከቤተሰቡ ተለይቶ የሚመለስ ወታደር ልጁ ሲጠጣ ቢያገኘው የመጀመሪያ ስሜቱ ዱላ ማንሣት ሊሆን ይችላል። እኛ የምንመክረው ግን አስቀድሞ እንዲጠይቀው ነው፦ «ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው? ሌሊት እንቅልፍ ይወስድሃል?» በአንድ የጦር ክፍል ውስጥም ከክበቡ የማይለየውን ወጣት ባልደረባ ጓዶቹ መሳቂያ ከሚያደርጉት ይልቅ ቢያነጋግሩት ይበጃል። ያየውን ለማንም ያልተናገረ ሰው ሊሆን ይችላልና።

ሕክምናውም ቢሆን ሁለቱን በአንድነት የሚመለከት መሆን አለበት። መጠጡን ብቻ አስጥሎ ጭንቀቱን መተው፣ ወይም ለጭንቀቱ መድኃኒት ሰጥቶ መጠጡን አለመጠየቅ ሥራውን ከግማሽ ማቆም ነው። በየቀኑ አብዝቶ ይጠጣ የነበረ ሰው በድንገት ሲያቆም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንዘፍዘፍ ሊደርስበት ስለሚችል፣ የሚያቆመው በጤና ባለሙያ ክትትል ቢሆን ይመረጣል።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ልጅ ግን በሽታውን የሚደብቀው ቢናገር የሚሰማው ያለ ሳይመስለው ሲቀር ነው። እንግዲህ ዛሬ ማታ ልጃችን አምሽቶ፣ አፉም መጠጥ መጠጥ እየሸተተ ቢገባ፣ ስንት እንደጠጣ ከመጠየቃችን በፊት ስለ ምን እንደጠጣ እንጠይቀው።