ስለ መኪና የውኃ ቱቦ መገናኛ፤ ፕላስቲኩን አስቀድሞ በነሐስ መለወጥ ስለሚገባ

በመንግሥትና በእርሻ ሥራ ላይ የሚውል አብዛኛው በነዳጅ የሚሠራ መኪና በሞተሩ ውስጥ እሳት፥ በእሳቱም ዙሪያ ውኃ አለበት። እሳቱ ጕልበት ይሰጣል፤ ውኃው እሳቱን ይገታል። ውኃው የጐደለ እንደ ሆነ እሳቱ ሞተሩን ራሱን ያጠፋዋል። ይህን ውኃ ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩና ወደ ማሞቂያው የሚያመላልሱት የጎማ ቱቦዎች ናቸው፤ ቱቦ ከቱቦ በሚጋጠምበት ቦታም መገናኛ የሚባል ትንሽ ዕቃ ይገባል። ለአገር አስተዳዳሪዎች፥ ለወረዳ ሹማምንትና ለመሬት ባለይዞታዎች ዛሬ ልናስረዳ ያሰብነው ስለዚህ ዕቃ ነው። ዕቃው ከአውራ ጣት ብዙ የማይበልጥ ቢሆንም በእርሱ ምክንያት የሚጠፋው ገንዘብና የሥራ ጊዜ ብዙ ነው።

የመጀመሪያው አውቶሞቢል በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በዚያን ዘመን የአውቶሞቢል የውኃ መንገድ ከመዳብ፥ ከነሐስ፥ ከብረትና ከጎማ ይሠራ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን ፋብሪካዎቹ ክብደትና ወጪ ለመቀነስ ሲሉ መገናኛውን ከፕላስቲክ፥ ይልቁንም የመስተዋት ክር ከተቀላቀለበት ናይሎን መሥራት ጀመሩ። ይህ ናይሎን በአዲስነቱ ጠንካራ ነው፤ አይዝግም። ነገር ግን ከውጭ የሞተሩ ሙቀት፥ ከውስጥ የፈላው ውኃ ዓመት በዓመት ሲያገኘው ውስጣዊ ትስስሩ እየተበጣጠሰ ይሄዳል፤ መለመጡን ትቶ እንደ ሸክላ ተሰባሪ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የመንገድ መንገጫገጭ ወይም የሜካኒክ እጅ ጥቂት ሲነካው ይሰበራል።

ለዚህ የታወቀው ምሳሌ በአገራችን መሥሪያ ቤቶች እጅግ ከተለመዱት መኪናዎች አንዱ የሆነው ላንድ ክሩዘር ነው። ከ1998 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. የተሠራው 100 የተባለው ዓይነት፥ የኋላ ማሞቂያ ያለው እንደ ሆነ፥ ከሞተሩ በስተኋላ ሞተሩን ከጋቢናው በሚለየው ግድግዳ አጠገብ ሙቁን ውኃ ለፊትና ለኋላ ማሞቂያ የሚያካፍሉ ሁለት ባለ ሦስት አፍ የፕላስቲክ መገናኛዎች አሉት። መኪናው ጽኑ ነው፤ ሁለቱ መገናኛዎች ግን ሲያረጁ ስለሚፈረካከሱ በብዙ አገር ያሉ ባለመኪናዎች ሳይሰበሩ አስቀድመው ይለውጧቸዋል።

ይህ ነገር በቆላ አገር ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ በደጋ የሚያደርሰው የሚብስበት ምክንያት አለ። ይህንንም ለማስረዳት ሽሮ ሜዳን እንመልከት። ሽሮ ሜዳ በጉለሌ፥ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ ያለ፥ በሽማኔዎቹና በአገር ልብስ ገበያው የታወቀ ሰፈር ነው። ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ በሽሮ ሜዳ አልፎ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣው መንገድ ዳገቱ ከባድ ነው። መኪናው በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ ሲወጣ ሞተሩ ብዙ ይሠራል፤ በራዲያተሩ የሚያልፈው ነፋስ ግን ጥቂት ነው። ሰፈሩ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ የእንጦጦም ራስ ከ3,000 ሜትር ያልፋል።

በባሕር ዳርቻ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በ2,500 ሜትር ከፍታ ግን የአየሩ ክብደት ስለሚቀንስ በ92 ዲግሪ ገደማ፥ በ3,000 ሜትርም በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የብዙ መኪናዎች ሞተር ደግሞ በደኅና ጊዜ የሚሠራው ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ታዲያ ውኃው በደጋ ሁልጊዜ የማይፈላው ስለ ምንድን ነው ቢባል፥ የራዲያተሩ ክዳን ውኃውን አፍኖ ስለሚይዘው ነው። የታፈነ ውኃ በሽሮ ሜዳም ቢሆን ከ110 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይፈላም። እንግዲህ መገናኛው ጥቂት እንኳ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ እፍኑ ይለቃል፤ ውኃውም ወዲያው ይፈላል፤ እንፋሎትም ሆኖ ይወጣል። በቆላ የሚንጠባጠብ ቱቦ ሾፌሩን እስከ ጋራዥ ያደርሰው ይሆናል፤ በደጋ ዳገት ላይ ግን እንዲህ ያለ ፋታ የለም።

ከዚህም የሚከፋው ውኃው ካለቀ በኋላ የሙቀት መቍጠሪያው ሊያታልል መቻሉ ነው። ሙቀት ለኪው በውኃ ውስጥ እንዲሠራ የተሰናዳ ስለሆነ በባዶው ሲቀር መርፌው ከፍ ላይል፥ እንዲያውም ሊወርድ ይችላል። ሾፌሩ ደኅና መስሎት ሲነዳ ቴስታታው ይጣመማል፤ ማሸጊያው ይቃጠላል፤ ዘይትና ውኃ ይቀላቀላል። አንድ ክር ሲበጠስ የሽማኔው ሥራ እንደሚቆም እንዲሁ በአንዲት መገናኛ ምክንያት ሙሉው መኪና ይቆማል። ይህ አደጋ የሽሮ ሜዳ ብቻ አይደለም፤ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በዐባይ በረሃ የሚያልፍ፥ በጣርማ በር ወይም በሊማሊሞ የሚወጣ ካሚዮን ሁሉ ያለበት ነው። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በሚታደልበት ወራት ወይም እህል በሚሰበሰብበት ኅዳር መኪናው የቆመ እንደ ሆነ ጉዳቱ ለገበሬው ይተርፋል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ተከለከለም በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆ ማቆየት ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ መኪና ያለው መሥሪያ ቤትና ባለንብረት የሚከተለውን ቢፈጽም ይጠቀማል።

አንደኛ፤ ምልክቱን ማወቅ። ጥቁሩ ፕላስቲክ ወደ ቡናማ ወይም ወደ አመድማ የተለወጠ፥ በጋጠሚያው ላይ ነጭ ወይም ቀላ ያለ ቅርፊት የደረቀበት፥ በጋቢናው ውስጥ ጣፋጭ ሽታ የሚሸት፥ ውኃውም ያለ ምክንያት የሚጐድል እንደ ሆነ መገናኛው ጊዜው አልፎበታል። ዕድሜው ከዐሥር ዓመት ካለፈና ተለውጦ የማያውቅ ከሆነ ምልክት ሳይጠብቁ መለወጥ ይሻላል።

ሁለተኛ፤ ብረቱን መምረጥ። ነሐስ ለዚህ ሥራ የተስማማ ነው፤ በቶርኖም በቀላሉ ይሠራል። የማይዝግ ብረትም መልካም ነው። ተራ ብረት ይዝጋል፤ ዝገቱም ራዲያተሩን ይደፍናል። ዚንክ የተቀባው የቤት ውኃ ቧንቧ ቅባቱ ከኩላንቱ ጋር ስለማይስማማ እየተላጠ ይወርዳልና አይገባም። አሉሚኒየም ንጹሕ ኩላንት በሌለበት ይበላል።

ሦስተኛ፤ ልኩን መጠበቅ። የውጩና የውስጡ ስፋት ከፕላስቲኩ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ውስጡ የጠበበ እንደ ሆነ ውኃው በሚገባ አይዞርም። በየአፉ ጫፍ ዙሪያውን ከፍ ያለ ለስላሳ ጠርዝ ይኑረው፤ ያለዚያ ቱቦው በግፊት ይወልቃል። ጠርዙ ስለታም ከሆነ ግን ጎማውን ይቈርጠዋል። ደግሞም ተጫን ብሎ የሚቈለፍ ልዩ ቅርጽ ያለው መገናኛ በቶርኖ ብቻ ተሠርቶ አይሳካም፤ ለእንዲህ ያለው የፋብሪካውን አዲስ ዕቃ በየጊዜው መለወጥ የተሻለ ነው።

አራተኛ፤ የመለወጡ ሥራ። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ክዳኑ አይከፈት፤ የሚፈናጠረው ውኃ ሰው ያቃጥላል። አሮጌው ቱቦ እንቢ ሲል በኃይል አይጐተት፤ የማሞቂያው ቧንቧ ይሰበራልና በርዝመቱ ተሰንጥቆ ይላጥ። መገናኛው ሲለወጥ ያረጁት ቱቦዎችም አብረው ይለወጡ። ኩላንት ተሞልቶ ማሞቂያው እስከ መጨረሻ ተከፍቶ ሞተሩ ይሥራ፤ የታሰረው አየር እንዲወጣ ነው። በማግሥቱ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የውኃው ልክ ይታይ፤ የቱቦው ማሰሪያም ዳግመኛ ይጥበቅ።

አምስተኛ፤ የወንዝ ውኃ አለማድረግ። የወንዝና የጕድጓድ ውኃ ደለልና ጨው ስላለበት ነሐሱን እንኳ ያበላሻል። በመንገድ ላይ ግድ ሆኖ ቢጨመር በተመለሱ ጊዜ ይደፋና ኩላንት ይተካበት። የሚደፋው ኩላንት ግን ጣፋጭና መርዝ ስለሆነ ሕፃናትና ከብቶች እንዳይጠጡት በዕቃ ይጠራቀም፤ በሜዳ ወይም በወንዝ አይፍሰስ።

በመጨረሻም ሹማምንት ይህን ሁሉ ለሾፌሩ ብቻ መተው አይገባቸውም። ለእያንዳንዱ መኪና መዝገብ ተይዞ መገናኛውና ቱቦው የተለወጠበት ቀን ይጻፍበት፤ ልኩ የታወቀ ትርፍ መገናኛም ከሁለት ማሰሪያ ጋር በመኪናው ዕቃ ሣጥን ይቀመጥ። ቍጥጥሩ ከክረምት በፊትና ከመከር በፊት በዓመት ሁለት ጊዜ ቢደረግ ይበቃል። መገናኛው በጊዜው ከተለወጠ ሥራው የአንድ ቀን ነው፤ በዳገት ላይ ከተሰበረ ግን ሞተሩን ያስከፍላል፤ ማዳበሪያውን የሚጠብቀው ገበሬም ወቅቱ ያልፍበታል።