ወደ ውስጥ የሚፈስ ደም

መንዝ ውስጥ ከበቅሎ የወደቀ ወይም በሬ የወጋው ሰው ልብሱን አራግፎ ከተነሳ «እግዜር አተረፈው» ይባላል፤ ደም ካልታየ ጉዳትም ያለ አይመስልም። አዋቂ ሰው ግን ያለው ደም 5 ሊትር ያህል ነው፤ ቆዳው ሳይጫር አብዛኛው ሆድ ዕቃው ውስጥ ሊፈስ ይችላል።

ብዙ ጊዜ የምትጎዳው በግራ ጎድን ሥር ያለችው ጣፊያ ናት። ደም የሞላባት ለስላሳ አካል ስለሆነች በርግጫ ትሰነጠቃለች። ጀማ ሸለቆ ወርዶ ወባ ሲመላለስበት የቆየ ሰው ደግሞ ጣፊያው አብጦ ከጎድኑ በታች ስለሚወጣ ቀላል ምት ይበቃዋል። አንዳንዴ ደሙ በሽፋኗ ሥር ታግዶ ይቆይና ከቀናት በኋላ፣ ሰውየው ወደ እርሻው ከተመለሰ ወዲያ፣ ይፈነዳል።

ሰውነት ደም ሲያጥረው ከቆዳ ቀንሶ ለልብና ለአንጎል ያደርሳል። እጅና እግር የሚቀዘቅዘው፣ ፊት የሚገረጣው፣ ቀዝቃዛ ላብ የሚያጠምቀው ለዚህ ነው። የልብ ትርታ ሰውየው አርፎ ተኝቶ ሳለም በደቂቃ ከ100 ያልፋል። የደም ግፊት ግን ከደሙ ሲሶ ገደማ እስኪፈስ ላይወርድ ስለሚችል «ግፊቱ ደህና ነው» መባሉ አያዘናጋ። ውሃ ጥም፣ መቁነጥነጥ፣ እንደ ጣውላ የደረቀ ሆድም ይመጣሉ። አሳሳቹ ምልክት ያልተመታ ግራ ትከሻን ማመሙ ነው፤ ሆድ ውስጥ የፈሰሰው ደም ድያፍራምን ሲቆጠቁጥ ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል። ታማሚው ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ሊታሽ ይችላል። የወጌሻን ሙያ አላቃልልም፤ የተመታ ሆድ ግን በማንም እጅ መታሸት የለበትም።

እንዲህ ያለውን ሰው አስተኝቶ ባና ማልበስ ነው፤ ብርድ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፣ የመንዝ ብርድ ደግሞ የታወቀ ነው። ቢለምንም ውሃም ጠላም አይሰጠው፤ ለቀዶ ሕክምና ሲደነዝዝ ትውከቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን የደም መርጋትን ስለሚያውኩ ይቅሩበት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ መኪና በማይገባበት የግሼ ገደል ያለው ቃሬዛ ብቻ ነው። መርሐቤቴ ላይ የዓለም ከተማው እናት ሆስፒታል፣ መንዝ ላይ የመሐል ሜዳው፣ ከፍ ሲል የደብረ ብርሃኑ አሉ። ጤና ጣቢያ ግሉኮስ ተሰቅሎለት ነቃ ቢልም ጉዞው አይቋረጥ፤ ግሉኮሱ የተሰነጠቀውን አይደፍንም። ደም መለገስ የሚችል ዘመድ አብሮት ይሂድ፣ አደጋው በስንት ሰዓት እንደደረሰና ወባ ይዞት እንደነበርም ለሐኪሙ ይንገር።