ከአጣዬ እስከ አራዳ ጊዮርጊስ

ሚያዝያ 23 ቀን የሚከበረውን የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ምክንያት በማድረግ፣ እኛ የአጣዬ ማኅበርተኞች በአንድ ሚኒባስ ወደ አዲስ አበባ ተጓዝን። የይፋትን ቆላ ጨርሰን ጣርማ በር ስንደርስ ጋቢያችንን ደረብን። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ዋሻ ዛሬም መንገደኛ ያሳልፋል።

በዋዜማው ቀን ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባትን እንጦጦ ማርያምን ተሳለምን፤ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራልንም ጎበኘን። አብዝተን የቆየነው ግን የአድዋ ድል መታሰቢያ በሆነው፣ ስምንት ማዕዘን ባለው በአራዳ ጊዮርጊስ ነው። ፋሽስቶች በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ከተቃጣው የግድያ ሙከራ በኋላ ይህን ቤተ ክርስቲያን በእሳት አጋዩት፤ ከነፃነት በኋላም ታደሰ። ዛሬ ውስጡን ያስጌጡት የአንኮበሩ ተወላጅ የአፈወርቅ ተክሌ ሥዕሎች ናቸው፤ ጎረቤታችን ነውና ኮራንበት።

ከመካከላችን አጣዬ በ2013 ዓ.ም. በጥቃት ስትቃጠል ቤታቸውን ያጡ አንዲት እናት ነበሩ። የእሳቱን ታሪክ እንደሰሙ መዳፋቸውን በግድግዳው ላይ አሳርፈው ቆሙ፤ የሾፌሩ ጥሩንባ ሁለት ጊዜ ቢጮህም አልተንቀሳቀሱም። ስንመለስ ጣርማ በርን ቁልቁል እየወረድን ሁላችን ስለ ከተማው ፎቅ ስናወጋ፣ እርሳቸው ያነሡ የነበረው ገና ቆርቆሮ ስላልለበሰው አዲሱ ቤታቸው ነበር።